ከማረሻው እስከ ጣሪያው፦ የብረታ ብረት ጠባይ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች

የከላላ፣ የወግዲ፣ የቦረናና የጃማ ገበሬ ዓመቱን በሙሉ ከብረት ጋር ይውላል፤ ከብረት ጋር ያድራል። በሬውን ጠምዶ ማሳው ላይ ሲሰለፍ አፈሩን የሚሰነጥቀው ማረሻ ብረት ነው። ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ዶማው፣ የበቅሎው ልጓም ብረት ነው። የሣር ክዳኑን ለውጦ ቆርቆሮ ያለበሰ እንደሆነ ጣሪያው ብረትና ዚንክ ነው። ከተረተሩ ላይ ቀልቶ የሚታየው አፈር ያን ቀለም ያገኘው ከብረት ነው። ልጁን ተቅማጥ ይዞት ወደ ጤና ኬላ ቢወስደው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዚንክ ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ጠባያቸውን ዐውቆ የሚገዛቸውና የሚይዛቸው ሰው ግን ብዙ አይደለም።

ይህ ጉዳይ ከሌላው ሰው ይልቅ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ይመለከታል። እንደሚታወቀው «ገበሬ ማኅበር» የሚለው ስም የመጣው የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገው ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲሆን፣ አዋጁ አንዱን ማኅበር በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ መሬት ላይ እንዲቋቋም አድርጎት ነበር። ሥራው ኋላ በቀበሌ አስተዳደርና በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢከፋፈልም ስሙ ከገጠሩ ሰው አፍ አልጠፋም። በጋራ ገንዘብ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሽቦና ማዳበሪያ የሚያስመጡት እነዚሁ መሪዎች ናቸው። አንድ አባወራ በሥሥ ቆርቆሮ ቢታለል የሚያፈሰው የራሱ ቤት ነው። የማኅበሩ መሪ ቢታለል ግን መጋዘኑ ያፈሳል፤ የሚበሰብሰውም የሁሉም እህል ነው።

የአንድ ቤተሰብ ልዩ ልዩ ጠባይ

የኬሚስትሪ ሊቃውንት በዓለም ላይ የታወቁትን ንጥረ ነገሮች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ደርድረዋቸዋል። በሠንጠረዡ መካከል የተሰለፉት «የሽግግር ብረቶች» ይባላሉ። ብረት፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ኮባልት፣ ቲታኒየም፣ ተንግስተን፣ ብርና ወርቅ ከእነዚሁ ይቆጠራሉ። ዚንክና ባዜቃ በረድፉ መጨረሻ ላይ ስለሚገኙ አንዳንድ ሊቃውንት ከቤተሰቡ ያወጧቸዋል። በሥራ ላይ ግን ከሌሎቹ ስለማይለዩ እኛም አብረን እናያቸዋለን። ለድስትና ለጀበና ማስቀመጫ የምንጠቀምበት አሉሚኒየም ግን የዚህ ቤተሰብ ወገን አይደለም።

አብዛኞቹ ጠንካራና ከባድ ናቸው፤ ለመቅለጥም ብርቱ እሳት ይፈልጋሉ። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ መዳብ በ1085 ዲግሪ ነው። በድሮው የኤሌክትሪክ አምፑል ውስጥ እየጋለ ያበራ የነበረው ቀጭን ክር ተንግስተን ሲሆን፣ እርሱ እስከ 3422 ዲግሪ ድረስ ሳይቀልጥ ይቆያል። ከቤተሰቡ መካከል በቶሎ የሚሸነፉት ሁለቱ የዳር ልጆች ናቸው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ባዜቃ ደግሞ በደጋ ብርድ እንኳ ሳይረጋ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ሌላው ጠባያቸው እርስ በርሳቸው በቀላሉ መዋሃዳቸው ነው። ብር ብቻውን ለስላሳ ነው። ስለዚህ በወሎ እናቶች አንገት ላይ የምናየው፣ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር ከመቶ 83 እጅ ያህሉ ብር ሆኖ የቀረው መዳብ ነው። መዳቡ ባይገባበት ኖሮ ያን ሁሉ ገበያ ዞሮ መልኩ ሳይጠፋ ባልደረሰን ነበር።

ከሁሉ በላይ ለገበሬው የሚጠቅመው ግን ሦስተኛው ጠባያቸው ነው። የሽግግር ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ከአንድ በላይ መልክ ይይዛል፤ መልኩ በተለወጠ ቁጥርም ቀለሙ ይለወጣል። ብረት አየር ሲያገኝ ይቀላል፤ አየር ሲያጣ ወደ ግራጫና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። መዳብ ሲዝግ አረንጓዴ ይሆናል። በቆዳ ፋብሪካ በክሮሚየም ጨው የለፋ የበግ ቆዳ ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀለም ምስክር ነውና ወደ አፈሩ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ማረሻ የሚቀጠቀጠው ከምን ብረት ነው?

ንጹሕ ብረት ለማረሻ አይሆንም፤ ይለዝባል። ብረትን ብረት የሚያደርገው በውስጡ ያለው ጥቂት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ማለት ከሰል የተሠራበት ነገር ነው። ከመቶ ሩብ እጅ የማይሞላ ካርቦን ያለበት ብረት ይታጠፋል፣ ይሳባል፣ በመዶሻ እንደተፈለገው ይሆናል፤ ነገር ግን በድንጋያማ ማሳ ላይ ጫፉ በቶሎ ያልቃል። ግማሽ እጅና ከዚያ በላይ ካርቦን ያለው ግን በእሳት ግሎ በውሃ ሲነከር ይጠነክራል። ከ2 እጅ በላይ ሲሆን ደግሞ በመዶሻ የማይቀጠቀጥ፣ ሲመቱት እንደ ሸክላ የሚሰበር ይሆናል። በቅልጥ የተሠሩ የምድጃና የአንዳንድ ሞተር አካላት የዚህ ዓይነት ናቸው።

በዛሬው ጊዜ የወሎ ቀጥቃጭ ብረቱን ከማዕድን እያቀለጠ አያወጣም። ሥራው በቁርጥራጭ ብረት ላይ የተመሠረተ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚያገኘውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ፌሮ፣ ሁለተኛው ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ነው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ያው ብረት ናቸው፤ በሥራ ግን እጅግ ይለያያሉ። ፌሮ በጠቅላላው ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ለመቀጥቀጥ ይመቻል፤ ዋጋውም ይቀላል። ባሌስትራ ግን ከግማሽ እጅ በላይ ካርቦን፣ ከዚያም በላይ ማንጋኒዝ፣ ሲሊኮን ወይም ክሮሚየም የተጨመረበት ነው። የጭነት መኪና ክብደት ተሸክሞ እየተለመጠ ሳይሰበር እንዲኖር የተሠራ ብረት ነውና ማረሻ ሲሆንም ጠባዩን አይለቅም። በእሳት ላይ ቀጥቃጩን ያደክመዋል፤ ከሰልም ይበላል። ስለዚህ የባሌስትራ ማረሻ ዋጋው ከፍ ቢል ሊያስገርም አይገባም። የሚያስቆጨው የፌሮውን ማረሻ በባሌስትራ ዋጋ መግዛት ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በከተማ የብየዳ ቤት የሚገኝ ግራይንደር ይበቃል። ብረቱ ሲሞረድ የሚወጣው ፍንጣሪ ረዥምና ቀጥ ያለ ጨረር ሆኖ ከሄደ ካርቦኑ አነስተኛ ነው። ፍንጣሪው አጠር ብሎ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ እየፈነዳ ከተበተነ ካርቦኑ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ የታወቀ ፌሮና የታወቀ ባሌስትራ ጎን ለጎን አስሞርዶ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

ማግኔትም ይረዳል። ብረት በእሳት እየጋለ ሄዶ ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ከዚያ ጥቂት ብቻ ከፍ ሲል ለመንከር ይደርሳል። ቀጥቃጮቻችን ይህን ጊዜ በፍሙ ቅላት ያውቁታል፤ ለዚህም ነው በጥላ ሥር መሥራት የሚመርጡት። ፀሐይ ላይ የብረቱ ቅላት ዓይንን ያታልላልና። ለጀማሪ ግን ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት በሽቦ አንጠልጥሎ መፈተኑ ብዙ ብረት ከመበላሸት ያድናል።

የተነከረ ብረት ጠንካራ ይሁን እንጂ ተሰባሪ ነው። ማረሻው እንደተነከረ ወደ ማሳ ከሄደ በመጀመሪያው ቋጥኝ ላይ ጫፉን ሊጥል ይችላል። ስለሆነም ከተነከረ በኋላ ጥቂት ተሞርዶ ነጭ እንዲሆን ይደረግና ከፍም አጠገብ ቀስ ብሎ እንደገና ይሞቃል። በዚህ ጊዜ በተሞረደው ገጽ ላይ ቀለም ይሄዳል። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይመጣል፤ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫው ላይ ቢቆም እንደ ቢላዋ ስለታም ሆኖ ይቀራል፤ ድንጋይ የበዛበት ማሳ ግን ወደ ሐምራዊና ወደ ሰማያዊ የደረሰ ይፈልጋል። የሚነከረውም ጫፉ ብቻ እንጂ ድግሩና ወገሉ የሚያርፉበት ወገን አይደለም። ያ ለስላሳ ሆኖ ሲቀር መንቀጥቀጡን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከመንገድ ሥራ ማሽኖች የወደቁ የመቆፈሪያ ጥርሶች አንዳንድ ጊዜ ከመቶ 12 እጅ ያህል ማንጋኒዝ አለባቸው። ሮበርት ሃድፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያወጣው ይህ ብረት በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ ለድንጋይ መፍጫ ተወዳዳሪ የለውም። በመንደር እሳት ግሎ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን ይሰባበራል። መለያው ማግኔት የማይስበው መሆኑ ነው። ቀጥቃጩ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማግኔቱን ያስጠጋ።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደረሰባቸው የወሎ አካባቢዎች ያልፈነዳ ጥይትና የከባድ መሣሪያ ቅሪት በማሳና በጥሻ ውስጥ ቀርቷል። የጥይት ቀፎ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ በቁርጥራጭ ገዢ ዘንድ ዋጋ አለው፤ እረኛውንም የሚያታልለው ይኸው ነው። ያልፈነዳ ነገር ከእሳትና ከመዶሻ ፊት የሚቀርብ ብረት አይደለም። ማኅበሩ እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ሳይነካ፣ ሳያንቀሳቅስ፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ እንዲያስታውቅ አስቀድሞ ደንብ ሊያወጣ ይገባል።

ስለ ባለ እጁ አንድ ነገር

ስለ ማረሻ ተነሥቶ ስለ ሠሪው ዝም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ገበሬ በባለ እጅ ላይ የሠራው በደል ረዥም ነው። ማረሻውን ከእጁ እየተቀበለ «ጠይብ» ብሎ ሲሰድበው፣ ልጁን አላጋባ ሲለው፣ በዓይኑ ይበላል እያለ ሲያርቀው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም የእጅ ሠራተኛ መስደብ እንዲቀር አዘው ነበር። የ1967ቱ አዋጅ ደግሞ በእጁ ሊያርስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ሲል፣ ርስት ያልነበረው ባለ እጅም የመሬት ባለመብት የሚሆንበት በር ተከፈተ። አዋጅ ግን ምላስን ሁሉ አይገታም። ስድቡ በየመንደሩ ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል፤ የቀጥቃጭ ልጅም የአባቱን ወናፍ ትቶ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ ይሄዳል። ማኅበሩ ይህን እንደ ሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ቢያየው ይሳሳታል። በሰኔ የእርሻው ሥራ ሲጣደፍ ማረሻው የደነዘዘበት ገበሬ በአቅራቢያው ቀጥቃጭ ካጣ ገበያ እስኪደርስ የሚባክነው ቀን ዝናቡ የሚያልፍበት ቀን ነው።

ሊደረግ የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። አንድ ቀጥቃጭ ብቻውን ባሌስትራ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ለማምጣት ገንዘቡም ጭነቱም ይከብደዋል። ማኅበሩ በኩንታል ገዝቶ ቢያስመጣና በዱቤ ቢሰጠው፣ ከባሕር ዛፍ ተክሉ ለከሰል የሚሆን ድርሻ ቢመድብለት፣ በገበያው ዳር ጥላ ያለው ቦታ ቢለይለት፣ ማረሻው ከየትኛው ብረት እንደተሠራም ምልክት እንዲያደርግበት ቢስማሙ ገበሬውም ባለ እጁም ይጠቀማሉ።

መቼም በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በመቅደላ አምባ ላይ፣ የባለ እጅ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ የሚመሰክር ነገር ተቀምጧል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት «ሴባስቶፖል» የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል የሚመዝን የነሐስ ሥራ ሲሆን፣ ነሐስ ማለት መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ቀልጦ የተዋሃደ ነው። በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ እስከ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። መዳብ በዝናብና በፀሐይ ውስጥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ መቆየት የሚችለው ላዩን የሚሸፍነው ዝገት የውስጡን ስለሚጠብቅለት ነው። የብረት ዝገት ግን እየተላጠ ስለሚወድቅ ውስጡን አሳልፎ ይሰጣል። ማረሻ ከሥራ በኋላ አፈሩ ተጠርጎ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ፣ ከእርጥብ መሬት ከፍ ብሎ መሰቀል ያለበትም ለዚህ ነው።

አፈሩ የሚናገረው

የወሎ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከምድር ውስጥ ፈልቶ ከፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። የረጋው ጥቁር ድንጋይ ከመቶ 8 እስከ 10 እጅ ያህል ብረት አለበት። ድንጋዩ በዘመናት ብዛት ሲፈራርስ ብረቱ በአፈሩ ውስጥ ይቀራል። ውሃ ቶሎ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ አየር ስለሚያገኝ ይዝጋል፤ አፈሩም ይቀላል። ሜዳ ላይ በሚተኛው ጥቁር መረሬ ውስጥ ግን ውሃው ይቋጠራል፤ አየር ያጣል፤ ብረቱም ወደ ግራጫው መልኩ ይመለሳል።

ይህን ማየት ለሚፈልግ ገበሬ በነሐሴ መጨረሻ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ መቆፈር ይበቃዋል። አፈሩ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ነጠብጣብ ካሳየ፣ በሥሮቹም መተላለፊያ ላይ የዝገት መሥመር ከታየ፣ እዚያ ውሃ ለብዙ ቀን ቆሟል ማለት ነው። በእንዲህ ያለው መሬት ላይ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ሲቀር ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው፤ አስቀድሞ ውሃው መውጣት አለበት። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ በእጅ ሰፋፊ መደብ እያወጣ መረሬን ሲያጠነፍፍ ቆይቷል። ይህንኑ ልምድ በመመልከት በ1970ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በተለምዶ ኢልካ የሚባለው፣ ከአገር ውስጥ የምርምር ድርጅቶች ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ አዘጋጅቷል። ይህን መሣሪያ ማንም ጥሩ ቀጥቃጭ ሊጠግነው ይችላል።

ቀዩ አፈር ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በውስጡ ያለው የዛገ ብረት ከማዳበሪያው የሚገኘውን ፎስፈረስ አጥብቆ ይይዛል፤ ሥሩም እንዳያገኘው ያደርጋል። ማዳበሪያው በማሳው ሁሉ ሲበተን ከብረቱ ጋር የሚነካካበት ስፍራ ይበዛል። በመሥመር ከዘሩ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ብዙው ለሰብሉ ይተርፋል። ፍግና ብስባሽም ብረቱን ስለሚሸፍነው ይረዳል። ስለዚህ «በመሥመር ዝሩ» የሚለው የግብርና ባለሙያ ምክር በቀዩ አፈር ላይ ዘር ከመቆጠብ ያለፈ ምክንያት አለው።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ የተካሄደው የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ ወረዳዎች ዚንክ ማነሱን አሳይቷል። ኋላ ዳፕን ተክተው ከመጡት ድብልቅ ማዳበሪያዎች አንዳንዶቹ ዚንክ የተጨመረባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ዚንክ በጥቂቱ ይፈለጋል እንጂ ብዙ አይደለም፤ ሲጠፋ ግን የቡቃያው እድገት ይቀጭጫል፤ በእህሉም ውስጥ ያንሳል። እህሉን የሚበላው ሰው ደግሞ ያንኑ ያጣል።

ዚንክና ብረት በሰው አካል

ወደ ሰውየው ከደረስን እንግዲህ፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከሚሰጠው የንጥረ ነገር ውሃ ጋር የዚንክ ክኒን ከ10 እስከ 14 ቀን ሊወስድ እንደሚገባው የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በአውሮፓ አቆጣጠር 2004 በጋራ አስታውቀዋል። ዚንኩ ተቅማጡን ያሳጥራል፤ በሚቀጥሉት ወራትም ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል። ችግሩ እናቶች ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም ክኒኑን ማቋረጣቸው ነው። ይህን በስብሰባ ላይ መናገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብቻ ድርሻ ሊሆን አይገባም።

ብረት የደም ቅላት ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት የሚሰጠው ክኒን ከፎሊክ አሲድ ጋር ብረት አለበት። ጤፍ ብረት ይበዛበታል መባሉ የታወቀ ቢሆንም፣ ከዚያ ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ በበሬ እግር ሲወቃ ከአፈር የተጣበቀበት መሆኑን ምርመራ አሳይቷል። የዚህ ዓይነቱን ብረት ሰውነት በሚገባ አይወስደውም። ሻይና ቡናም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ስለሚይዙት፣ ክኒን የምትወስድ ሴት ቢያንስ የአንድ ሰዓት ያህል ብታርቃቸው ይሻላል። ቡናው ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ያንንማ በወሎ ማን ይሰማል!

ቆርቆሮ የምንለው ቆርቆሮ አይደለም

የቤት ክዳን ቆርቆሮ ስሙን ከእውነተኛው ቆርቆሮ ይዋስ እንጂ በዚንክ የተለበጠ ሥሥ ብረት ነው። ዚንኩ ራሱን እየሠዋ ብረቱን ያድናል። ቆርቆሮው ተቆርጦ ወይም ተጭሮ ብረቱ ቢታይ እንኳ በዙሪያው ያለው ዚንክ አስቀድሞ ይበላል እንጂ ብረቱ ቶሎ አይነካም። ዚንኩ ሲያልቅ ግን ጣሪያው በአጭር ጊዜ ወንፊት ይሆናል።

ስለዚህ በግዢ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ የብረቱ ውፍረትና የዚንኩ ልባጥ። ውፍረቱ በጌጅ ሲነገር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሣሣል። ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ የሚሻል የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የተገዛው ቆርቆሮ በመጋዘን ሲከማች ዝናብ ከነካው በሉሖቹ መካከል የገባው ውሃ ዚንኩን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል። በክምሩ አንድ ወገን ሥር እንጨት ተደርጎ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፤ ከረጠበም ተለያይቶ ይድረቅ። አመድ፣ እርጥብ ሲሚንቶና ፍግ ዚንክን ይበላሉና ግድግዳው ሥር የአመድ ክምር አይጠጋ።

ያው ዚንክ በጥቂቱ መድኃኒት ቢሆንም ሲበዛ ያስታውካል። ጠላ፣ እርጎና ኮምጣጣ ነገር ሁሉ የዚንክ ልባጥ ባለው ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ከቆየ ልባጡን ያሟሟዋል። በሠርግና በተዝካር ጊዜ ጠላ ለመጥመቅ በርሜል ሲፈለግ ይህ ይታሰብበት። በየዳም የዚንክ ቧንቧ ሲበይድ ጭሱን ቢተነፍሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋልና በተከለለ ቤት ውስጥ አይሥራ።

ሽቦ ለሚገዛም አንድ ቃል። የመዳብ ነው ተብሎ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አንዳንዴ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይሆናል። በቢላዋ ተፍቆ ውስጡ ከነጣ የወፍጮ ሞተር ኃይል ሲስብበት ይግላል።

ባዜቃና የባትሪ ድንጋይ

ከዚህ ቤተሰብ አባላት ሁሉ የሚፈራው ባዜቃ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 እና በ1972፣ በእኛ 1964 ዓ.ም.፣ ኢራቅ ውስጥ ለዘር የመጣ ስንዴና ገብስ ከሻጋታ እንዲጠበቅ የባዜቃ መድኃኒት ተቀብቶ ነበር። ዘሩ ለብዙዎቹ የደረሰው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነበር፤ የጆንያው ማስጠንቀቂያም በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ነበር። የተራበው ገበሬ ቀዩን ቀለም አጥቦ ሲያስለቅቅ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰለውና ፈጭቶ ጋገረው። መርዙ ወዲያው አያሳይም፤ ሳምንታት ይፈጅበታል። 6530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነርሱም 459 ሞቱ። ከዚያ የተረፉት ብዙዎቹ ዓይናቸው፣ ጆሮአቸውና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው።

ያ የባዜቃ መድኃኒት ከዘር ላይ ቢቀርም የዛሬው ምርጥ ዘርም በሌላ መርዝ ታሽቶና ቀለም ተቀብቶ ነው የሚመጣው። በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም የማኅበር መጋዘን ውስጥ ከዘር የተረፈ ጆንያ ከምግብ እህል ጋር አንድ ላይ ሊከማች አይገባም። የተረፈው ተቆጥሮ፣ ለብቻው ተቆልፎ፣ ማን እንደተረከበው በመዝገብ ይያዝ። ክፉ ዓመት ሲመጣ የተራበ ቤተሰብ የሚያየው እህሉን እንጂ ቀለሙን አይደለም።

የባትሪ ድንጋይም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ዚንክ፣ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ነው። የጥንቶቹ ባትሪዎች ባዜቃም ነበረባቸው። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ዱቄቱን አውጥቶ ሰሌዳ ማጥቆር የተለመደ ነበር፤ የማንጋኒዝ አቧራ ለረዥም ጊዜ ሲተነፈስ ግን አእምሮንና አካሄድን ይጎዳል። ያለቀው ባትሪ ከምንጭና ከማሳ ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ክዳን ባለው ጉድጓድ ይጠራቀም። ባዶው የምርጥ ዘር ጆንያም ቢታጠብም ለጤፍ መያዣ አይውልም፤ ሽሮ አይጣልበትም፤ በርበሬም አይሰጣበትም።